አውሎ ነፋሱን የሚያፍነው ደረቅ አየር

ስለ አውሎ ነፋስ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው የባህር ሙቀት ነው፣ እውነት ነው ውሃው ወደ 26 ዲግሪ ተኩልና ከዛ በላይ መሞቅ አለበት፣ ግን እኔን በጣም የሚገርመኝ የአየሩ ነገር ነው። ደረቅ አየር አውሎ ነፋሱ ውስጥ ሲገባ የዝናቡ ጠብታ መሬት ሳይደርስ ይተናል፣ ሲተን ደግሞ አየሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ልክ ላባችን ሲደርቅ እንደሚበርደን ማለት ነው፣ የቀዘቀዘው አየር ይከብድና ወደ ታች እየወረደ ከባህሩ የሚነሳውን ሙቀት ያፍነዋል።

በፈረንጆቹ 2015 ቻፓላ የሚባለው ሳይክሎን፣ ማለትም አውሎ ነፋስ፣ አረብ ባህር ላይ በጣም በርትቶ ነበር፣ ኤደን ባህረ ሰላጤ ሲደርስ ግን የአረቢያ ደረቅ አየር አዳከመው። ያም ሆኖ የመን ላይ ሙከላ የምትባለውን ከተማ በጎርፍ አጥለቅልቋል!

ከላይና ከታች ያለው ንፋስ በጣም ከተለያየ ደረቁ አየር ወደ መሀሉ መግቢያ ያገኛል። በ2020 ህዳር ጋቲ የሚባለው ሳይክሎን ሲመጣ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነበር፣ ባህሩም ሞቃት፣ በ12 ሰዓት ውስጥ ብቻ ንፋሱ ከ65 ወደ 185 ኪሎ ሜትር በሰዓት ዘለለና ሶማሊያን መታ። እዛ ዳርቻ ያሉት አሳ አጥማጆች እንዲህ ፈጥኖ ለሚያድግ ነገር በምን ጊዜ ይዘጋጃሉ? ይሄ በጣም ያስጨንቀኛል።