ያለ ሰርተፍኬት «አይኤስኦ 9001ን እናሟላለን» ማለት፦ የአንድ ማተሚያ ቤት ልምድ

ባለፈው ሳምንት ሥራ አስኪያጃችን የተስማሚነት መግለጫችን ላይ፣ ማለትም የጥራት አያያዝ መስፈርት የሆነውን አይኤስኦ 9001ን እናሟላለን በሚለው ጽሑፋችን ላይ ፈረሙ፤ ደስ ብሎኛል። ኦፍሴት የምናትምና የምንጠርዝ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነን። ሰርተፍኬት የለንም፤ ክፍያው ለጊዜው ከአቅማችን በላይ ነው። መስፈርቱን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ አይኤስኦ፣ ራሱ ለማንም ሰርተፍኬት አይሰጥም፣ የሚሰጡት ሌሎች ድርጅቶች ናቸው። መስፈርቱን አሟልቶ በራስ ስም መግለጫ ማውጣት ግን የታወቀ መንገድ ነው፤ የመግለጫው ይዘትም አይኤስኦ/አይኢሲ 17050 በተባለ ሌላ መስፈርት ክፍል 1 ተቀምጧል።

ጅማሬውን አላበዛባችሁም፦ መስፈርቱን ማንበብ፣ ወሰን (የትኛው ሥራችን እንደሚሸፈን) መጻፍ፣ የሥራ ሂደቱን በአንድ ገጽ መሳል። ከሌላ ድርጅት የተገለበጠ ማንዋል የሚሸጡላችሁ አማካሪዎች ይመጣሉ፤ አትግዙ። የ2015ቱ እትም የጥራት ማንዋልን ግዴታ አንስቶታል።

ያንገላታኝ አንቀጽ 9.2፣ የውስጥ ኦዲት ነው። ኦዲተሩ ገለልተኛ ይሁን ይላል። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ፣ መዝገቡን የምይዘው እኔ፤ እኔን ማን ይመርምረኝ? የሒሳብ ሠራተኛችንን አሠለጠንን፤ ሁሉንም «ተሟልቷል» ብላ መለሰችልኝ። አልፈርድባትም፤ ነገ አብራኝ ሻይ የምትጠጣ ሰው ጉድለቴን ጽፋ እንድታስፈርመኝ መጠበቅ ከባድ ነው። ሰርተፍኬት የሚሰጥ ድርጅት ቢኖር ይህን ያጋልጠው ነበር። በራስ መግለጫ ግን የውስጥ ኦዲቱ ያለፈውን ስህተት የሚይዝ ሌላ ዓይን የለም።

በመጨረሻ ከሌላ ድርጅት ጋር የኦዲተር ልውውጥ አደረግን። ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት የምትቆጣጠር ወዳጄ መጣች። ቼክሊስት አልያዘችም። ለርክክብ ከተደረደረው ብሮሹር አንዱን አነሳችና «ደንበኛው ይህን ቀለም ያጸደቀበትን አሳየኝ» አለች። የተገኘው በሽያጭ ሠራተኛችን የግል ስልክ፣ ቴሌግራም ላይ ነው፦ የፕሩፉ (ከዋናው ሕትመት በፊት የሚወጣው ናሙና) ፎቶና አንድ አውራ ጣት። ልጁ ሥራ ቢለቅ ማስረጃውም አብሮት ይሄዳል። ደግሞ በስልክ የታየ ቀይና ከማሽን የወጣ ቀይ መቼ ይገናኛሉ? «ይህን አላዘዝኩም» የሚለው ጭቅጭቅ ከየት እንደሚመጣ ያኔ ገባን። አሁን ቀለም ወሳኝ በሆነበት ሥራ ደንበኛው የወረቀት ፕሩፍ ላይ ሳይፈርም ፕሌት (ማሽኑ ላይ የሚገጠመው የማተሚያ ሰሌዳ) አይወጣም፤ የተፈረመውም ከሥራ ትዕዛዙ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ ይገባል። መጥቶ መፈረም የሚሰለቸው ደንበኛ አለ፤ ያኮርፋል፣ ይመለሳል።

ስለዚህ በእኔ እምነት ኦዲት ካለቀ ሥራ ተነስቶ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። በአንቀጽ ቁጥር የተደረደረ ቼክሊስት «አዎን» ብቻ ነው የሚያመጣው። እርግጥ በዚህ ዘዴ የሥልጠና መዝገብና የመለኪያ መሣሪያዎች ካሊብሬሽን (በትክክል መለካታቸውን ማረጋገጥ) ሊረሱ ይችላሉ፤ እነሱን ለብቻ እዩ።

መግለጫው ላይ መለያ ቁጥር፣ የድርጅቱ ስምና አድራሻ፣ የሚሸፍነው ሥራ፣ የመስፈርቱ ቁጥር ከነዓመቱ፣ ቀንና ቦታ፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ይግቡ። ውጤቱን የገመገመውና የሚፈርመው ሰው ቢለያዩ ይመረጣል። የአይኤስኦን አርማ አትለጥፉ፤ «ሰርተፋይድ ነን»ም አትበሉ። ሰርተፍኬት የሚጠይቅ ጨረታ ላይም አይሠራም፤ እኛ የምናሳየው ለቋሚ ደንበኞቻችን ነው።

የአመራር ግምገማው (አንቀጽ 9.3፣ አመራሩ ራሱ የጥራት ሥራውን የሚገመግምበት) ግን እስካሁን አልሆነልኝም። ሥራ አስኪያጁ ቡናው እስኪፈላ ቃለ ጉባኤው እንዲያልቅ ይፈልጋሉ፣ እኔም ደፍሬ አልጫናቸውም። በዚህ ምክር የለኝም።

አሁን ዳቦ ፋብሪካውን የምመረምረው እኔ ነኝ። ስለ ዳቦ የማውቀው መብላት ብቻ ስለሆነ፣ ምግብ ላይ የምትሠሩ ከየትኛው መዝገብ ብጀምር እንደሚሻል ንገሩኝ።