ሰኔ 24 ቀን የተዘጋው መዝገብ

የምሠራበት ድርጅት በብዙ አገሮች ቅርንጫፎች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በጀቱንና ሠራተኛውን የሚያስተዳድረው ራሱ ነው። የእኛ ቢሮና መጋዘን የሚገኙት በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቃሊቲ አለፍ ብሎ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ቅርንጫፎቹ ሁሉ የሂሳብና የንብረት መዝገባቸውን ወደ አንድ ኢአርፒ፣ ማለትም ሂሳቡንም ንብረቱንም በአንድ ላይ ወደሚይዝ የኮምፒውተር ሲስተም እንዲያዛውሩ ሲወሰን፣ የኢትዮጵያውን ሥራ እንድመራ ተመደብሁ። ይህን የምጽፈው እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

የኮምፒውተር ግዥው፣ የኢንተርኔት መስመሩና ሥልጠናው በጊዜያቸው አለቁ። የአቅራቢዎች ዝርዝር ጥቂት አስቸግሮን ነበር፤ መመሪያው በስም አመሳክሩ ይላል፣ ነገር ግን ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ስለሚጻፍ አንዲት ነጋዴ ሦስት ሆና ተገኘች። መመሪያውን ትተን በ10 አሃዙ የግብር ከፋይ መለያ (ቲን) ቁጥር አመሳከርን፤ ማንም ቢሆን እንዲሁ እንዲያደርግ እመክራለሁ።

የተበላሸው ቀኑ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት አሮጌው ሲስተም የሚዘጋበትን ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 1 አደረገው፤ ለእነርሱ የግማሽ ዓመት መባቻ ነውና። ለእኛ ግን ሰኔ 24 ነው። የኢትዮጵያ መዝገባችን የሚዘጋው ሰኔ 30 ስለሆነ፣ የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ ሰባት ቀን ሲቀረው መዝገብ እንድንቀይር ተጠየቅን ማለት ነው። ይህንን በጥር ወር በደረሰኝ ደብዳቤ ላይ አይቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ጽፌ ጠየቅሁ፤ ቀኑ ለሁሉም አንድ ነው የሚል መልስ ሲመጣ ዝም አልሁ። ሥራ አስኪያጃችን ፈረሙ፤ እኔም ፊርማቸውን ስምምነት ብዬ መዘገብሁት።

የሂሳብ ኃላፊያችን ቀኑን የሰሙት በግንቦት መጨረሻ፣ በሥልጠና ላይ ነው። «ልጄ፣ ሰኔ ሠላሳ ሳይደርስ መዝገብ የሚዘጋ ማን ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

የሆነውም እርሳቸው የፈሩት ነው። አሮጌው ሲስተም የያዘው የዕቃ ቀሪ ሂሳብ እስከ ሰኔ 23 ያለውን ብቻ ነበር። አዲሱ ደግሞ ወርን የሚቆጥረው በአውሮፓውያን ስለሆነ የሰኔን የመጨረሻ ሰባት ቀናትና የሐምሌን መጀመሪያ በአንድ ወር ውስጥ አደባልቆ ያዘ፤ በሰኔ 30 ላይ ቆርጦ ሪፖርት ማውጣት አልቻለም። በዚያው ሳምንት ከሞጆ ደረቅ ወደብ የገቡ ጭነቶች በወረቀት ተረክበን ዘግይተው ወደ ሲስተሙ ሲገቡ፣ የያዙት ቀን የተረከብንበትን ሳይሆን የገቡበትን፣ ማለትም የሐምሌን ሆነ። ዓመታዊ ቆጠራው ተደርጎ መደርደሪያ ላይ ያለውና መዝገብ ላይ ያለው ሳይገናኝ ቀረ። የሂሳብ ክፍሉ ሠራተኞች የሰባቱን ቀናት ሰነድ አንድ በአንድ በኤክሴል ሲገለብጡ እስከ ሐምሌ አጋማሽ አመሹ። ሲመሹ ወደ ከተማ የሚመልሳቸው ታክሲ አያገኙም ነበርና፣ በመጋዘኑ መኪና አደርሳቸው የነበርሁት እኔ ነኝ።

ከሁሉ በላይ እስካሁን የሚያንገበግበኝ በነሐሴ የሰማሁት ነው። ሁለት ሌሎች ቅርንጫፎች ቀኑ አይመቸንም ብለው የራሳቸውን ቀን አስወስነው ኖሯል። በጀቱ የእኛ፣ ሠራተኛው የእኛ ሆኖ ሳለ፣ ልንለውጠው የምንችለውን ቀን እንደ ትእዛዝ ቆጥሬ የተቀበልሁት እኔ ነኝ። የፕሮጀክት መመሪያው የሥራ አስኪያጅ ፊርማ ይበቃል ይላል። እኔ አይበቃም እላለሁ፤ መዝገቡን በእጁ የሚዘጋው ሰውና መጋዘኑን የሚቆጥረው ሰው ከቀኑ መወሰን በፊት አብረው ካልተቀመጡ ፊርማው ወረቀት ብቻ ነው።

የደመወዝ ሲስተሙ ተራ ሲደርስ መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ሂሳብ ኃላፊዋ ቢሮ ነው። የጳጉሜን ቀናት ከነሐሴ ደመወዝ ጋር እንዴት እንደሚያዙ በወረቀት ላይ ሠርተው አሳዩኝ፣ የሚመቻቸውንም ቀን ነገሩኝ፤ ጥቅምት 1። ለዋናው መሥሪያ ቤት የጻፍሁት ደብዳቤ ጥያቄ አልነበረበትም። የእኛ ቀን ጥቅምት 1 ነው ብዬ ምክንያቱን አስከትዬ ላክሁ፤ በማግስቱም ተቀበሉት።