ነዳጅ ያሰመጣት ሎንግ ቢች
አሜሪካ ካሊፎርኒያ ያለችውን የሎንግ ቢች ከተማ ሰው የሚያውቃት በወደቧ ነው፣ እኔን ግን የሚገርመኝ ነዳጁ ያደረጋት ነገር ነው። በፈረንጆቹ 1921 አጠገቧ ሲግናል ሂል ላይ ነዳጅ ተገኘ፣ ከዛ ገንዘቡም ሰውም ጎረፈ። በ1933 የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ትምህርት ቤቶቿን አፈራረሰ፣ ደግነቱ አመሻሽ ላይ ስለነበር ተማሪ ክፍል ውስጥ አልነበረም፣ እግዜር ነው ያተረፋቸው።

የነዳጁ ጣጣ ግን ቀስ ብሎ ነው የመጣው፣ ከወደቡ ስር ሲቀዱ ሲቀዱ መሬቱ እየሰመጠ ሄዶ አንዳንድ ቦታ 9 ሜትር ገደማ ወረደ፣ አስቡት ባለ ሶስት ፎቅ ቤት ያህል! ባህሩ እንዳይገባ ግንብ ሰሩ፣ በ1950ዎቹ ደግሞ ውሃ በግፊት ወደ መሬት ስር መመለስ ጀመሩና መስመጡ ቀስ በቀስ ቆመ። ዛሬም ከባህር ዳርቻው ፊት ለፊት ዘንባባ ያለባቸው ደሴቶች ታያላችሁ፣ በ1960ዎቹ ሰው የሰራቸው ናቸው፣ ከዘንባባው ጀርባ ያለው የነዳጅ ጉድጓድ ነው።