የሚያየኝ ዓይን ፍለጋ

ጅማ፣ ቅዳሜ ማታ

ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። የቆርቆሮው ድምፅ የመምህሩን ቃል እየዋጠብኝ የዛሬውን የቺጎንግ (በዝግታ፣ ከእስትንፋስ ጋር የሚሠራ የቻይናውያን ልምምድ) ትምህርት የተከታተልኩት ስልኩን ጆሮዬ ሥር አስጠግቼ፣ ምስሉን ትቼ ነው። ምስሉ ቢቀርብኝም አላዘንኩም። ስለ እኔ የተናገረው ረቡዕ ዕለት የላክሁለትን የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አይቶ ነበርና ለመስማት ብቻ ነበር የቸኮልኩት። ከጥር ወር ጀምሮ ስፈልገው የነበረው ይኼው ነበር፤ እንዲህ መሆኑን ግን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሥራዬ ማይክሮስኮፕ ላይ ነው። በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። በእኛ አካባቢ ክረምቱ ሲወጣ የወባ ታማሚ ይበዛል፤ ስላይዱ በትሪ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። አንድን የደም ናሙና «ወባ የለበትም» ብሎ ለመጻፍ በዘይት በሚሠራው ሌንስ ቢያንስ 100 የእይታ መስክ ማየት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንገት እንዳቀረቀረ፣ ትከሻ ወደ ጆሮ እንደ ወጣ ነው። ባለፈው ዓመት ከአንገቴ በስተቀኝ ያለው ጅማት እንደ ተወጠረ ገመድ ሆነ፤ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ መደንዘዝ ጀመሩ። ሐኪም አየኝ፣ ራጅ ተነሣሁ፣ የሚያሰጋ ነገር አልተገኘም። ፊዚዮቴራፒስቱ የአንገት መልመጃ ከሰጠኝ በኋላ «በዝግታ የሚሠራ እንቅስቃሴ ይፈልጉ፤ ታይ ቺ ወይም ቺጎንግ ሊሞክሩ ይችላሉ። ካልወደዱት ግን አይቆዩበትም» አለኝ።

ጅማ ውስጥ የሚያስተምር ሰው ፈለግሁ። አጂፕ አካባቢ ቴኳንዶ የሚያሠለጥን አንድ ወጣት አገኘሁ። ቅን ልጅ ነው። «ስሙን ሰምቻለሁ፤ ካላወቅሁት ግን ባላስተምርዎ ይሻላል» አለኝ። ይህን አነጋገሩን በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሼዋለሁ፤ በኢንተርኔት ካገኘኋቸው መምህራን መካከል እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣው የሰማሁት አንድ ሰው ብቻ ነውና።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። በሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ነፃ ቪዲዮዎችን እየጫንኩ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሳሎኑን ጠርጌ፣ ስልኩን በስኳር ጣሳ ላይ፣ ጣሳውን በበርጩማ ላይ አድርጌ መከተል ጀመርኩ። አንዱ መምህር ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ስለሚሠራ ግራና ቀኙ ይምታታብኝ ነበር። ሌላው በጣም ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ እኔም እንደ እሱ ዝቅ ማለት አለብኝ መሰለኝ። መቆሙ ለጀማሪ ከባድ መስሎ አይታይም፤ እግርን በትከሻ ልክ ከፍቶ፣ ጉልበትን ጥቂት አላልቶ፣ ዛፍ እንዳቀፈ ሰው ክንድን አክብቦ ዝም ብሎ መቆም ነው። ሁለት ወር እንዲህ ቆምኩ። አንገቴ ሻል አለኝ፤ የግራ ጉልበቴ ግን ደረጃ ስወርድ ይወጋኝ ጀመር።

እማዬ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ እንደ ቆምኩ አገኘችኝ። ነጠላዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ጥቂት አየችኝና «ልጄ፣ ጉልበቶችሽ ለምን ይተያያሉ?» አለችኝ።

ወደ ታች ብመለከት እውነቷን ነው። ሁለቱም ጉልበቶቼ ወደ ውስጥ ገብተው ሊነካኩ ደርሰዋል። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ቆማ ስታስቀድስ የኖረች ሴት ናት፤ ሰው እንዴት ቢቆም እንደሚቆይ፣ እንዴት ቢቆም እንደሚደክም ዓይኗ ያውቃል። «ቅዳሴ ላይ እንዲህ የቆመ ሰው ወንጌል ሳይነበብ ይቀመጣል» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። ጉልበቴን ወደ እግሬ ጣቶች አቅጣጫ መለስ አድርጌ ከወገቤ ትንሽ ከፍ አልኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ውጋቱ ተወኝ።

በዚያ እሑድ ብዙ አሰብኩ። ከማነባቸው ስላይዶች የተወሰኑት በየጊዜው ተመርጠው፣ የእኔን ውጤት ለማያይ ሌላ ባለሙያ ይላካሉ። ያ ሰው ደግሞ ያነብባቸዋል፤ ከዚያ የእሱና የእኔ ውጤት ይመሳከራል። ሥራው የታመነ የሚሆነው በዚህ ነው። 19 ዓመት የሠራ ሰው ዓይን እንኳ ሌላ ዓይን ያስፈልገዋል። ታዲያ ገላዬን ለሁለት ወር ያለ አንዳች ተመልካች እንዴት አምኜ ተውኩት? ከነፃ ቪዲዮ ወጥቼ ወደ ትምህርት ለመግባት የወሰንኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ፍለጋው እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነም። በጣም የሚያምረው ማስታወቂያ የመጀመሪያው ነበር፤ ጭጋግ ያለበት ተራራ፣ ነጭ ሐር የለበሰ ሰው፣ ዋሽንት። «የ5,000 ዓመት ምሥጢር» ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ከስኳር እስከ እንቅልፍ ማጣት ያለውን ሁሉ እንደሚፈውስ፣ መምህሩም በስክሪን በኩል ኃይል እንደሚያስተላልፍ ይናገራል። ስኳር በደም ውስጥ ስንት እንደ ሆነ በየቀኑ የምለካ ሰው ነኝ። መድኃኒቱን ትቶ ተስፋ የገዛ ሰው እንዴት ሆኖ ተመልሶ እንደሚመጣም አይቻለሁ። ይህን ማስታወቂያ ሳነብ የተሰማኝ ቁጣ ነው፤ አሁንም አልበረደልኝም።

ስለዚህ ስለ ነገሩ ራሱ ማንበብ ያዝኩ። «ቺ» በቻይንኛ አየር፣ እስትንፋስ፣ እንፋሎት ማለት ነው፤ በባህላዊ ሕክምናቸው ደግሞ በሰውነት ውስጥ ይዘዋወራል ለሚሉት የሕይወት ኃይል መጠሪያ ነው። «ጎንግ» በጊዜና በልፋት የሚገኝ ችሎታ ነው። (የታይ ቺው «ቺ» ሌላ ቃል መሆኑን ያወቅሁትም ያኔ ነው፤ በእኛ ፊደል ሲጻፉ ግን አንድ ይመስላሉ።) ልምምዶቹ በእርግጥ ጥንታዊ ናቸው። በሁናን ክፍለ ሀገር ማዋንግድዊ በተባለ ቦታ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከተቆፈረ መቃብር በሐር ላይ የተሣለ ሥዕል ወጥቷል፤ 44 ሰዎች ሲንጠራሩ፣ ሲያጎነብሱ፣ ክንዳቸውን ሲዘረጉ ያሳያል። መቃብሩ የተዘጋው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ነው። ቺጎንግ የሚለው ስም ግን የእነዚህ ሁሉ የወል መጠሪያ ሆኖ የተለመደው ከ1949 ወዲህ ነው፤ ሊዩ ግዊጀን የተባለ በጨጓራ ሕመም ይሰቃይ የነበረ ሰው ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ሕክምና ተቋማት ካስገባው በኋላ። በ1980ዎቹም በቻይና ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ሲስፋፋ፣ በአዳራሽና በስታዲየም ለተሰበሰበ ሕዝብ ከመድረክ ሆነው ኃይል እናስተላልፋለን የሚሉ መምህራን ተነሥተው ነበር። ያ ማስታወቂያ ታዲያ የእነሱን ቃል ወደ ስልኬ ያመጣ ነው።

ከንባቡ ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ የቻይና የስፖርት አስተዳደር አራት የቆዩ ልምምዶችን መርጦ ወጥ በሆነ መልክ አውጥቷል። ከእነዚህ አንዱ ባ ዱዋን ጂን ይባላል፤ ስምንቱ የሐር ቁራጮች እንደ ማለት ነው። እንቅስቃሴዎቹ ስምንት ብቻ ናቸው፤ ሰማይን በሁለት እጅ መደገፍ፣ ቀስት መሳብ፣ ወደ ኋላ ዞሮ መመልከት፣ በመጨረሻም ተረከዝን አንሥቶ ሰባት ጊዜ መልቀቅ። ይህን ማወቄ መለኪያ ሰጠኝ። ሁሉም የሚያውቀው ወጥ ነገር ካለ የአንዱን መምህር አሠራር ከሌላው ጋር ማስተያየት እችላለሁ። ራሱ የፈጠረውን፣ ሌላ ማንም የማያውቀውን ስልት ከሚያስተምር ሰው ብጀምር ግን ሲሳሳትም አላውቅበትም።

እማዬ ደግሞ የራሷ ጥያቄ ነበራት። «ጸሎት ነው እንዴ?» አለችኝ አንድ ማታ፣ ቡና እያፈላች። በቀላሉ ልመልስላት አልፈለግሁም። ከዳዎ ወይም ከቡድሃ እምነት ጋር ተያይዘው የሚሰጡ ትምህርቶች አሉ፤ ስግደትና ዝማሬ ያለባቸውንም አይቻለሁ። ለሚያምንበት ሰው ክብር አለኝ፤ እኔ ግን ጸሎቴን አውቃለሁ፤ የምፈልገው ለአንገቴ ነው። እንቅስቃሴና እስትንፋስ ብቻ የሚያስተምሩትን ለይቼ እንደምይዝ ነገርኋት። «እንግዲያስ ጠይቂያቸው» አለችኝ። እኔም ጠየቅሁ።

ለአምስት ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ደብዳቤ ጻፍሁ። ጀማሪ ነኝ፣ በከተማዬ መምህር የለም፣ የአንገት ሕመም አለብኝ አልኩ። ከዚያም፦ እኔ ስሳሳት እናንተ በምን ታውቃላችሁ? ሁለቱ አልመለሱም። ነጭ ሐር የለበሰው የ70 በመቶ ቅናሽ እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ መሆኑን ላከልኝ። አንዲት መምህርት «ሰውነትሽ ራሱ ይነግርሻል» ብላ መለሰች። መልካም ሴት ትመስላለች፤ ነገር ግን ሰውነቴ ስለ ጉልበቴ ሲነግረኝ ሁለት ወር አልፎ ነበር፤ ያኔም የነገረኝ በውጋት ነው፤ ምክንያቱን ያየችው እማዬ ናት።

አምስተኛው ማሌዥያ ያለ አንድ አዛውንት ነው። መልሱ አጭር ነበር፤ ብዙውም ጥያቄ ነው። የሚያምሽ የት ላይ ነው? ሐኪም ምን አለሽ? የደም ግፊት አለብሽ? ራስሽን ያዞርሻል? ከፊትና ከጎን ሆነሽ ስትቆሚ የሚያሳይ ፎቶ ላኪልኝ። ለጥያቄዬ የሰጠው መልስ ደግሞ ይህ ነበር፦ በየሳምንቱ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ትልኪያለሽ፤ አየዋለሁ፤ ካላየሁት ቀጣዩን እንቅስቃሴ አልሰጥሽም። የአንገት ሕመሜ ይድን እንደሆነ ጠይቄው ነበር። «አላውቅም። መድኃኒት ወይም ሐኪምሽ የሰጠሽ መልመጃ ካለ አታቋርጪ» አለኝ። የቴኳንዶውን ልጅ ያስታወስኩት ይህን ሳነብ ነው። የሃይማኖት ሥርዓት እንደሌለበትም ነገረኝ፤ ለእማዬ በአማርኛ አነበብኩላት።

ክፍያው ለሦስት ወር 45 ዶላር ነው። እኔ በውጭ ገንዘብ የምከፍልበት ካርድ የለኝም፤ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ከፈለችልኝ፤ እኔም በሰው እጅ ሦስት ኪሎ የጅማ ቡና ላክሁላት። የቀጥታው ትምህርት ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ እነሱ ዘንድ ሲመሽ ማለት ነው፤ በአምስት ሰዓት ይቀድሙናል። መብራት ከጠፋ ወይም መስመሩ ከተቆራረጠ ቅጂውን በሌሊት አወርደዋለሁ። ቅጂውን በስልኬ ማስቀመጥ እንደምችል ሳልከፍል በፊት አረጋግጬ ነበር። እንደ እኛ ባለ ቦታ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ የሚታየው መስመር ሲኖር ብቻ ከሆነ የተከፈለበት ግማሹ ይባክናል።

አሁን አምስተኛ ሳምንቴ ነው፤ አሁንም የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ላይ ነኝ። ሰማይን በሁለት እጅ መደገፍ። ጣቶችን ከእምብርት በታች አጣምሮ፣ እስከ ደረት አንሥቶ፣ መዳፍን ወደ ላይ ገልብጦ መግፋት። መቶ ጊዜ ሳልሠራው አልቀረሁም። ዛሬ መምህሩ የላክሁትን ቪዲዮ 23ኛው ሰከንድ ላይ አቁሞ «እዚህ ላይ እጅሽ ገና ግንባርሽ ጋ ነው፤ ቀኝ ትከሻሽ ግን ጆሮሽ ሥር ደርሷል። ሥራሽ ምንድን ነው ያልሽኝ?» አለኝ።

ማይክሮስኮፕ አልኩት።

ጥቂት ዝም አለ። ዝናቡን ብቻ ነበር የምሰማው። ከዚያ «ትከሻሽ ሥራ ላይ ያለ መስሎታል» አለኝ። እጄን የማነሣው ትከሻዬ ሊከተል እስኪል ድረስ ብቻ እንዲሆን፣ እዚያ ላይ ቆሜ አየር ሳስወጣ ትከሻው ሲወርድ እስኪሰማኝ እንድጠብቅ ነገረኝ፤ አገጬ ላይ ቢቀርም ይቅር አለ። ትንፋሼን እንዳልይዝም ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ።

ከትምህርቱ በኋላ ሞከርሁት። እጄ የቆመው አገጬ አጠገብ ነው። እማዬ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ጎመን እየቀነጠሰች ቀና ብላ አየችኝ። ቀኝ ትከሻዬን እንድትጠብቅልኝ ለመንኋት። በስድስተኛው ላይ «ወጣ» አለችኝ፤ በሰባተኛውም «ወጣ»። በአሥረኛው ዝም አለች።

ሰኞ ተረኛ ነኝ። ከእያንዳንዱ ስላይድ በኋላ እጄን ከማይክሮስኮፑ ማስተካከያ ቁልፍ ላይ አንሥቼ አንድ ትንፋሽ ላወጣ አስቤአለሁ። ረቡዕ አዲስ ቪዲዮ እልካለሁ፤ መምህሩ በዚህ ጊዜ ከኋላ እንዲነሣ ጠይቆኛል፤ ስልኩን የምትይዘው እማዬ ናት።