ውስጡ የተራቆተ መኪና ለምርመራ ሲቀርብ

የመኪናዬን ውስጥ ያራቆትኩት ክብደት ልቀንስ ብዬ አልነበረም። ዝናብ ባደረ ቁጥር ከተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ውኃ ቋጥሮ ይጠብቀኝ ነበር። አንድ ቀን ገልጬ ሳየው ከሥሩ ያለው ስፖንጅ በስብሷል፤ ወለሉን በካቻቪቴ ጫፍ ብነካው ብረቱን በስቶ ገባ። ከዚያ በኋላ የሚያቆመኝ አልነበረም። የኋላ መቀመጫው፣ ምንጣፉ፣ የበሮቹ ልባስ፣ የጣሪያው ጨርቅ፣ ድምፅ ለማፈን የተለጠፈው ሬንጅ ሁሉም ወጣ። የፊቱን የተሳፋሪ መቀመጫም በሌላ ቀለል ያለ መቀመጫ ቀየርኩት።

የወጣው ዕቃ ሁሉ ከሚታየው ሥራው ሌላ የማይታይ ሥራ እንደነበረው የገባኝ መኪናውን ለዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ አቅርቤ ስወድቅ ነው። መርማሪው ሦስት ነገር ጻፈብኝ፦ የተሳፋሪው በር ከውስጥ አይከፈትም፤ የኤርባጉ መብራት አይጠፋም፤ በተሳፋሪው ጉልበት በኩል የሾለ ብረት ወጥቷል። ተቆጥቼ ወጣሁ። ማታ ግን ተሳፋሪው ቦታ ተቀምጬ በሩን ለመክፈት ስሞክር እጀታው ከገመዱ ጋር ተንጠልጥሎ በእጄ ውስጥ ዞረ። መኪናው ተገልብጦ፣ ጨለማ ሆኖ፣ አንድ ሰው ይህን ገመድ በዳበሳ ሲፈልግ ታየኝና ቁጣዬ በረደ። ሰውየው ልክ ነበር።

ስለዚህ ከበሩ ጀመርኩ። እጀታው ይደገፍ የነበረው በልባሱ ስለሆነ፣ ልባሱ ሲወጣ የሚይዘው አጣ። ከአሉሚኒየም ላሜራ መደገፊያ ቆርጬ፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሼ፣ እጀታውን በሁለት ብሎን አሰርኩት። እግረ መንገዴን ያገኘሁት ነገር ግን ከእጀታው ይበልጣል። ከልባሱ ጀርባ ስስ ላስቲክ ተለጥፏል፤ ብዙ ሰው የዕቃ መጠቅለያ መስሎት ቀዶ ይጥለዋል። በመስኮቱ መስታወት ላይ የሚወርደው ዝናብ ከፊሉ ሁልጊዜም ወደ በሩ ሆድ ይገባል፤ የሚወጣውም በበሩ ግርጌ ባሉት ቀዳዳዎች ነው። ወደ ጋቢናው እንዳይሻገር የሚከለክለው ያ ላስቲክ ነው። የእኔን፣ ከዓመታት በፊት ድምፅ ማጉያ የገጠመ ሰው ቀዶታል። ወለሌን የበላው ዝገት የጀመረው እዚያ ነበር! አዲስ ላስቲክ ቆርጬ፣ ዙሪያውን በማጣበቂያ አሽጌ፣ የግርጌዎቹን ቀዳዳዎች በሽቦ ጠረግኩ።

ስለ ኤርባጉ መብራት ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ያወጣሁት መቀመጫ የራሱ የጎን ኤርባግ ነበረው፤ ሶኬቱ ሲነቀል ኮምፒውተሩ ጉድለቱን መዝግቦ መብራቱን ያበራል። አምፖሉን ንቀለው፣ ወይም ትንሽ ሬዚስተር ሰክተህ ኮምፒውተሩን አታልለው የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህን በፍጹም አልቀበልም። ያ መብራት በግጭት ጊዜ ኤርባጉ ላይሠራ እንደሚችል የሚናገር ብቸኛ ምስክር ነው፤ ምስክሩን አፍኖ ሰው አጠገብ ማስቀመጥ ነውር ነው። የመኪናውን የራሱን መቀመጫ መለስኩ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትቼ፣ መመሪያው የሚያዝዘውን ደቂቃ ጠብቄ፣ ቢጫውን ሶኬት ሰካሁና ከዚያ በኋላ ብቻ ባትሪውን አገናኘሁ። መብራቱ ግን ወዲያው አልጠፋም፤ የተመዘገበው ስህተት በመመርመሪያ መሣሪያ እስኪሰረዝ ድረስ በርቶ ቆየ።

መቀመጫውን ሳስር ቶርክ ሜትር፣ ማለትም ብሎን የሚጠብቅበትን ኃይል የሚለካ መፍቻ፣ ተጠቀምኩ። በብዙ መኪኖች የቀበቶው መቆለፊያ የሚታሰረው መቀመጫው ላይ ነው። መሐንዲሱ ኒልስ ቦህሊን ለቮልቮ የሠራው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 በመኪና ላይ ሲገጠም ሥራው የግጭቱን ኃይል በደረትና በዳሌ ላይ ማከፋፈል ነበር፤ ከሦስቱ ነጥቦች አንዱ ከላላ ግን ማከፋፈል የለም። የቀበቶ ብሎን በአብዛኛው 7/16 ኢንች ሆኖ ከጠንካራ ብረት የሚሠራ ነው። ከእኔዎቹ አንዱ ከተራ ብሎን ሳጥን የወጣ ሆኖ አገኘሁት፤ ጥርሱን እያስጨነቀ በግድ የገባ ነበር። አውጥቼ ትክክለኛውን አስገባሁ። የኋላ መቀመጫውን ጉዳይ ደግሞ አስቀድሜ ጠየቅኩ፤ በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሰው ብዛትና በመኪናው ውስጥ ያለው መቀመጫ መስማማት አለባቸው።

ወለሉን በካቻቪቴ እጀታ እያንኳኳሁ አዳመጥኩ። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ስቱኮ የተቀባበት ቦታ ግን ድምፁ ይታፈናል። ከቀበቶው የታችኛው ማሰሪያ አጠገብ ታፈነብኝ፤ ቦታው መበየድ ነበረበት። ብየዳው ከመጀመሩ በፊት በዙሪያው የቀረውን ሬንጅ አነሳሁ፤ እሳት ይይዛልና። ለዚህ ደረቅ በረዶን፣ ማለትም በቅዝቃዜ የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ የሚያህል የለም። ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ስለሆነ ሬንጁን ያደርቀዋል፤ በመዶሻ ሲመታም ይሰነጣጠቃል። ሲተን የሚወጣው ጋዝ አየር ስለሚያሳጣ በሮቹ ሁሉ ተከፍተው መቆየት አለባቸው።

የወለሉ ቀዳዳዎች ከሁሉም በላይ አሳስበውኛል። ምንጣፍ ሲነሳ የጎማ መክደኛዎች አብረው ይነሳሉ፤ ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም። ማታ ታናሽ ወንድሜ ከመኪናው ሥር ገብቶ ባትሪ አበራልኝ፣ እኔ ጨለማው ጋቢና ውስጥ ተቀመጥኩ። «ጋሼ፣ ይታያል?» እያለ ወደ ፊት ሲሄድ በየቦታው ኮከብ ወጣልኝ። አሥራ አንድ ቆጠርኩ፤ ሁሉንም በጎማ መክደኛ ደፈንኩ። ከኋላ መቀመጫው ሥር የነበረውን የነዳጅ ፓምፕ ክዳንም በአዲስ ጎሚኒ ዘጋሁ።

ሽቦዎቹን በየመንገዳቸው አሰርኩ፣ ብረት በሚያልፉበት ቦታ ሁሉ ጎማ አለበስኳቸው። የሾለውን ብረት ቆርጬ ጠርዙን ሸፈንኩ።

ለሁለተኛ ጊዜ ለምርመራ ሳቀርበው ያው መርማሪ ነበር። ቀበቶዎቹን አንድ በአንድ በኃይል ጎትቶ ለቀቀ፣ አዲሱን ብየዳ በጣቱ ዳሰሰ፣ ሞተሩን አስነስቶ የኤርባጉ መብራት በርቶ እስኪጠፋ ጠበቀ። ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ወረደና በሩን ከውጭ ዘጋው። «እስቲ ተሳፋሪው ቦታ ይቀመጡና ከውስጥ ይክፈቱልኝ» አለኝ። ገብቼ ተቀመጥኩና እጀታውን አንድ ጊዜ ሳብኩት።