አደራዬን ሌሊት መልሼ ስወስድ

የወሩን የባንክ ሂሳብ ከመዝገባችን ጋር ሳስታርቅ 45,000 አልገጥም አለኝ። የሂሳብ ሰው እንዲህ ሲሆንበት ልዩነቱን ለ9 ያካፍላል፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል። ሳካፍለው ልክ 5,000። ሆዴ ባዶ ሆነ። ቫውቸሮቹን አንድ በአንድ ስገልጥ አገኘሁት፤ ለአንድ ዕቃ አቅራቢ 27,000 መከፈል ሲገባው የክፍያ ትዕዛዙ ላይ 72,000 ጽፌያለሁ። መዝገቡ ላይ ያለው ትክክለኛው ነው። ገንዘቡ ከወጣ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ፈራሚዎቹም ሳያስተውሉ ፈርመውበታል፤ ጽሕፈቱ ግን የእኔ ነው።

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ለአቅራቢው ደወልኩ። አያነሳም። ከዚያ ወደ ጸሎት ሮጥኩ። የዚያን ሰሞን ጸሎቴን ሳስበው ዛሬ ያስቀኛል፦ «ጌታ ሆይ፣ ሰውዬው ነገ ጠዋት ስልኩን ያንሳ፤ እስከ ረቡዕ ገንዘቡን ይመልስ፤ ኃላፊያችን እስከ ሐሙስ ሪፖርቱን አይጠይቁኝ።» ማህተም ብቻ የጎደለው የሥራ ትዕዛዝ ነበር። መጨረሻው ላይ «ፈቃድህ ይሁን» እላለሁ፤ ደብዳቤ ስንጨርስ «ከሰላምታ ጋር» እንደምንለው።

በአራተኛው ቀን ገንዘብ ያዣችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ፊቴን አይተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ጸሎቱንም ጭምር።

«ልጄ፣ ማታ ቼኩን ስታስረክቢኝ ደረሰኝ እቆርጥልሻለሁ አይደል?»

«አዎ።»

«ሌሊት ተመልሰሽ ካዝናውን አስከፍተሽ ቆጥረሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ታዲያ እግዚአብሔርን ለምን ሌሊት ሌሊት ታስቆጥሪዋለሽ?»

ይህን ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ማታ መዝሙር 37፥5ን ገለጥኩ፦ «መንገድህን ለእግዚአብሔር አደራ ስጥ፥ በእርሱም ታመን፥ እርሱም ያደርግልሃል።» ከልጅነቴ በቃሌ የማውቀው ነው፤ «አደራ» የምትለው ቃል ግን እንደዚያ ሌሊት ይዛኝ አታውቅም። አደራ የሚሰጠው ለሚያምኑት ነው። ከሰጡ በኋላ ደግሞ እጅ ይነሳል። እኔ የማላነሳው እጄን ነበር።

ከዚያ ወደ ኢሳይያስ 37 ሄድኩ። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ለይሁዳ ንጉሥ ለሕዝቅያስ የዛቻ ደብዳቤ ይልክበታል፤ ሕዝቅያስ ያነብበውና ወደ ቤተ መቅደስ ወጥቶ በእግዚአብሔር ፊት ይዘረጋዋል። እውነቱን ለመናገር ይህን ምዕራፍ ሳነብ ሁልጊዜ የምቸኩለው በአንድ ሌሊት ስለወደቁት 185,000 የአሦር ሰዎች ለማንበብ ነው፤ የእኔም ጣጣ እንዲያ በአንድ ሌሊት ድራሹ እንዲጠፋ ስለምፈልግ። በዚያ ምሽት ግን ዓይኔ ከተዘረጋው ደብዳቤ አልነቀል አለ። ስድቡም ዛቻውም ሳይሸፈን ተዘርግቷል። ሰውዬው ደግሞ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ አይደለም፤ በ2ኛ ዜና መዋዕል 32 ላይ ምንጮቹን ሲያስደፍንና የፈረሰውን ቅጥር ሲጠግን እናገኘዋለን። እኔ ግን ወረቀቴን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ «ለአምላኬ አሳልፌ ሰጥቻለሁ» እላለሁ። አፈርኩ።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ ቢሮ ገባሁ፤ የባንኩን ስቴትመንትና የክፍያ ትዕዛዙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። ልመናዬን አልተውኩም፤ ጌታም በጌቴሴማኒ መጀመሪያ «ቢቻልስ፥ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ ለምኗል። ቀን መቁረጡን ግን ተውኩት። «የምፈልገውን ታውቃለህ። እንደ ወደድህ አድርግ፤ ፈርቻለሁ።» ከዚህ በላይ ቃል አልነበረኝም።

ወረቀቶቹን ይዤ ወደ ኃላፊያችን ገባሁ። አይተው ሲጨርሱ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ካወቅሽው ስንት ቀን ሆነሽ?» አራት ቀን አልኩ። ከ45,000 ይልቅ ያናደዳቸው አራቱ ቀን ነበር። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ይገባኛል። አቅራቢው በኋላ ተገኘ፤ ገንዘቡን ስለተጠቀመበት በሦስት ጊዜ እንዲመልስ ተስማሙ። ሁለቱ ገብቷል፤ ሦስተኛው ቀኑ አልፎም አልመጣም።

ጋሼ በኮሪደሩ ሲያገኙኝ አሁንም ይጠይቁኛል፦ «ትናንትናስ ቆጠርሽ?»

«ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አንዴ ብቻ» አልኳቸው ዛሬ።

«ካዝናው ተከፈተልሽ?» ብለው እየሳቁ አለፉ።