ከአመራር ቡድናችን የጎደለው ወንበር

በአሜሪካ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የጥቁር ሕዝቦች ጥናት ተቋም ምክትል ዳይሬክተር ሆኜ ስሾም፣ የአመራር ቡድኑ አባላት አራት ነበርን፤ አራታችንም ፕሮፌሰሮች። ሥራው መርሐ ግብር ማውጣትና እንግዳ መጋበዝ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሁለት ኮርሶች ተሰረዙብን።

ተቋማችን ብቻውን መምህር መቅጠር አይችልም። የእኔ ደመወዝና የማዕረግ ዕድገት በታሪክ ትምህርት ክፍል እጅ ነው፤ የባልደረቦቼም እንዲሁ በየክፍላቸው። አንዱ የክፍል ኃላፊ «ዘንድሮ መምህሯን እኛው እንፈልጋታለን» ካሉ፣ የተመዘገቡት ተማሪዎች ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ዲኑ ሁለተኛ እንደማይደርስ ቃል ገቡልኝ፤ አመንኳቸው። በዓመቱ ደገመን።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ የተቋሙ የአስተዳደር ኃላፊ ቢሮዬ መጡ። እዚያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገሉ ሴት ናቸው። ጠርዙ የተላላጠ አረንጓዴ ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ፦ በግራ ቀኑ፣ በመካከል የተገባው ቃል፣ በቀኝ «ተፈጸመ» የሚል ቃል ወይም ባዶ ቦታ። ባዶው ይበዛል። ዳይሬክተሮች ሲፈራረቁ ደብተሩን አሳዩኝ ያላቸው አንድም ሰው አልነበረም። አፈርኩ። ስለ ጥቁር ሴቶች የማይታይ ድካም የማስተምር ሰው፣ ከግድግዳዬ ማዶ የሚደክሙትን አላየሁም ነበር።

ኃላፊዋ ድምፅ ያላቸው የአመራር አባል እንዲሆኑ ዳይሬክተራችንን ጠየቅሁ። ክርክሩ ሁለት ስብሰባ ፈጀ፤ በመጨረሻ እሳቸውም ሁለት የተማሪ ተወካዮችም ገቡ። ከዚያ በደብተሩ ላይ ተመሥርተን ከትምህርት ክፍሎች ጋር ለምንጋራው ለእያንዳንዱ መምህር የአንድ ገጽ ስምምነት አረቀቅን። በዓመት ስንት ኮርስ ለእኛ እንደሚያስተምር፣ ለውጥ ካለ እስከ መቼ እንደሚነገረን፣ የማዕረግ ዕድገቱ ሲታይ የእኛም ምዘና ከማኅደሩ እንደሚገባ ይላል። ከሁሉ የከበደው የመጨረሻው ነጥብ ነው፤ ለእኛ የደከመበት ሥራ ካልተቆጠረለት፣ ወጣት መምህር ቀስ በቀስ ይርቀናል፤ አልፈርድበትም።

የሚያሳዝነኝ ጥያቄው አዲስ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ኮሌጅ ተማሪዎች ትምህርት አቁመው ለወራት ሲታገሉ፣ የጥቁር ሕዝቦች ጥናት ክፍል መምህራኑን ራሱ ይቅጠር ብለው ነበር። ከዚያም በፊት ጥቁር አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊት አፍሪካን፣ የኢትዮጵያንም ታሪክ ሲያስተምሩ ደጋፊያቸው ጥቂት ነበር። እኔ ኢትዮጵያዊው ዛሬ የማስተምረው እሳቸው በከፈቱት በር ገብቼ ነው፤ በቃል ተስፋ ብቻ ሊዘጋብን አይገባም።

እስካሁን ሦስት ትምህርት ክፍሎች ፈርመዋል። አራተኛው ኃላፊ ለሐሙስ ቀጥረውናል፤ ደብተሩን ይዘን አብረን እንሄዳለን።